ለእህቴ ልጅ፣ የሴቶች ቡድን ስትረከቢ

ልጄ፣ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የሃይስኩል ሴት ሯጮችን እንድታሠለጥኚ መመረጥሽን እናትሽ ደውላ ስትነግረኝ እልል ነው ያልኩት። ደሴ ላይ ስፖርት ሳስተምር፣ እዚህም ከመጣሁ ወዲህ በትምህርት ቤቶች ውድድር ሰዓት ስይዝ የኖርኩ ሴት ነኝና ከዘመድ መካከል ወደ ሜዳ የሚወጣ ሰው መገኘቱ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። አንቺ ግን ስትደውዪ የጠየቅሽኝ ስለ ልምምድ አልነበረም። «አክስቴ፣ ቡድኔ ውስጥ ትራንስጀንደር ልጅ ብትገባ፣ ወይ ከተጋጣሚዎቻችን መካከል ብትኖር ምንድነው የማደርገው?» አልሽኝ። ያን ዕለት የመለስኩልሽ ቁርጥራጭ ነበር፤ አሁን ቁጭ ብዬ በወጉ ልጻፍልሽ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

1. ከሁሉ አስቀድመሽ የሴቶች ውድድር ለምን ለብቻው እንደተከለለ ጠንቅቀሽ እወቂ። እኛ ልጆች ሳለን ሴት ልጅ መሮጧ ራሱ የሚያስነቅፍ ነበር፤ አሜሪካም ብትሆን ከዚህ ብዙም አልራቀችም። ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ በ1972 ሲወጣ በመላ አገሪቱ በሃይስኩል ስፖርት የሚሳተፉት ሴት ልጆች ከ300 ሺህ ያነሱ ነበሩ፤ ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሕጉ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ ምክንያት ማንንም እንዳያገል ነው ያዘዘው። ስፖርትን በስም አላነሳም። የወንድና የሴት ቡድን ለየብቻ እንዲቋቋም የፈቀደው በ1975 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብ ነው።

መለየቱ ለምን እንዳስፈለገ ከራሳችን ሰዎች ልንገርሽ። ለተሰንበት ግደይ በ2021 ሄንጌሎ ላይ 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ ስትጨርስ በርቀቱ ከእሷ የፈጠነች ሴት በዓለም ታይታ አታውቅም ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራሰልስ ላይ የሮጠው 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ነው። ሁለቱን ሩጫዎች በሐሳብሽ አንድ መም ላይ አድርጊያቸው። ቀነኒሳ ጨርሶ ሲቆም ለተሰንበት ገና ከሁለት ዙር በላይ ይቀራታል። ሁለቱም በአገራችን ደጋ ያደጉ፣ ሁለቱም በዘመናቸው የዓለም ቁንጮ የነበሩ ናቸው። ይህ በትጋት ማነስ ወይም በምግብ የሚመካኝ ልዩነት አይደለም። የሴቶች ምድብ ባይኖር ኖሮ በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ስታሸንፍ እንዳለቀስን ባላለቀስን ነበር። ስለዚህ «የሴቶችን ምድብ ጠብቁልን» የሚል ሰው ሲገጥምሽ ክፉ ሰው ነው ብለሽ አትነሺ። የሚጠብቀው ነገር እውነተኛ ነው።

2. ልዩነቱ መቼና ከምን እንደሚመጣም እወቂ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነውና። ከጉርምስና በፊት የወንድና የሴት ልጅ ሩጫ ብዙም አይራራቅም። ስምንት ዓመት የሆናቸውን ልጆች አንድ ላይ ብታሮጪና አንደኛ የወጣችው ሴት ብትሆን ማንም አይደነቅም። ጉርምስና ሲገባ ግን የወንዱ ቴስቶስትሮን ከሴቷ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቁመቱ፣ አጥንቱ፣ ጡንቻው፣ የልቡና የሳንባው መጠን፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሁሉ ይጨምራል። ይህ በሩጫ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ልዩነት ያመጣል፤ በዝላይ ከዚያ ይሰፋል፤ በክንድ ጉልበት ደግሞ ይብሳል።

ሆርሞኑ በሕክምና ቢቀነስስ? ከአሜሪካ አየር ኃይል የአካል ብቃት ፈተና መዝገብ ተነሥቶ በ2020 የታተመ ጥናት አለ። ትራንስጀንደር የሆኑት ሴት ወታደሮች ሕክምናውን ከመጀመራቸው በፊት ከሌሎቹ ሴቶች በሁሉም ይበልጡ ነበር። ከሁለት ዓመት ሕክምና በኋላ በፑሽ አፕና በሲት አፕ ልዩነቱ ጠፋ፤ በሩጫ ግን አሁንም 12 በመቶ ይፈጥኑ ነበር። አንዱ ወገን የፊተኛውን፣ ሌላው የኋለኛውን ግማሽ ብቻ እየነጠለ ሲጠቅስ ትሰሚያለሽ። አንቺ ሙሉውን ያዢ። የተጠኑት አዋቂ ወታደሮች እንጂ የ15 ዓመት ልጆች እንዳልሆኑም አትርሺ።

ገና በልጅነቷ ጉርምስናን የሚያግድ መድኃኒት የወሰደች ልጅ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እንደዚህ ያለች ልጅ የወንድ ጉርምስና ጨርሶ አልደረሰባትም። ከዌስት ቨርጂኒያ ተነሥቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው ጉዳይ የእንዲህ ያለች ልጅ ነው፤ ክርክሩ ሲጀመር 11 ዓመቷ ነበር፤ የጠየቀችውም ከትምህርት ቤቷ ሴቶች ጋር አገር አቋራጭ ለመሮጥ ነው።

እኔ የደረስኩበትን ሳልሸሽግ ልንገርሽ። የወንድ ጉርምስና ያለፈበት አካል በስቴት ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ ከሴቶች ጋር ሲሰለፍ በሌሎቹ ልጆች ላይ ፍትሕ ይጓደላል ብዬ አምናለሁ። የስድስተኛ ክፍል ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ሜዳ ለሜዳ እንዳትሮጥ መከልከል ግን ማንን ከምን እንደሚጠብቅ አይታየኝም። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሕግ ማውጣት የትልልቅ ሰዎች ስንፍና ነው። በተቃራኒው የሚከራከሩትንም በደንብ አድምጫቸዋለሁ። የትምህርት ቤት ስፖርት ለሜዳሊያ ብቻ አይደለም፣ ልጆችን ለማስተማርና ለማቀራረብ ነው ይላሉ፤ በዚህ እስማማለሁ። ረጅም የተፈጠረችውም፣ ወላጆቿ የግል አሰልጣኝ የሚቀጥሩላትም ብልጫ አላት፣ ታዲያ ይኼኛው ብልጫ በምን ተለየ ይላሉ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ለቁመትና ለገንዘብ ተብሎ ምድብ ተከልሎ አያውቅም፤ ለጾታ ግን ተከልሏል፣ የተከለለበትንም ምክንያት ከላይ ነግሬሻለሁ። አንቺ አስበሽ ሌላ ቦታ ልትደርሺ ትችያለሽ። አልቆጣሽም።

3. የካስተር ሴሜንያን ነገር ከዚህ ጋር አታደባልቂ። ሴሜንያ ትራንስጀንደር አይደለችም። ሴት ተብላ ተወልዳ፣ ሴት ሆና ያደገች ናት፤ ሰውነቷ በተፈጥሮው ቴስቶስትሮን ያበዛል። በ2009 በርሊን ላይ 800 ሜትርን ስታሸንፍ ገና 18 ዓመቷ ነበር፤ ዓለም ሁሉ ስለ ገላዋ ሲያወራ ከረመ። በ2018 ሆርሞኗን በመድኃኒት ካልቀነሰች ከ400 ሜትር እስከ አንድ ማይል ባሉት ርቀቶች እንዳትሮጥ የሚያደርግ ደንብ ወጣ፤ በ2019 በስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ተረታች። በሐምሌ 2025 ደግሞ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት አቤቱታዋን በአግባቡ አልሰማላትም ሲል ፈረደላት። የዓለም አትሌቲክስ የወንድ ጉርምስና ያለፉ ትራንስጀንደር ሴቶች በዓለም አቀፍ የሴቶች ውድድር እንዳይሳተፉ የከለከለው በመጋቢት 2023 ነው፤ ከመስከረም 2025 ወዲህ ደግሞ በሴቶች ምድብ ለሚሰለፉ ሁሉ አንድ ጊዜ የሚደረግ የዘረ መል ምርመራ ጀምሯል። እነዚህ ለዓለም ሻምፒዮናና ለመሰሉ መድረኮች የወጡ ደንቦች ናቸው፤ አንቺ ሜዳ ላይ አይሠሩም። ቡና ላይ ሰው ሁሉንም በአንድ ሲፈርጅ ስትሰሚ በትዕግሥት ለያይተሽ አስረጂ።

4. ቁጥሩን እወቂ፤ በቁጥር ብቻ ግን አትፍረጂ። በ2022 የዩታ ምክር ቤት ትራንስጀንደር ልጆችን ከሴቶች ስፖርት የሚያግድ ሕግ ሲያወጣ ገዢው ስፔንሰር ኮክስ፣ የሪፐብሊካን ሰው ሆነው ሳለ፣ አልፈርምም ብለው መለሱት። በደብዳቤያቸው የጠቀሱት ቁጥር ይህ ነው፤ በስቴቱ 75,000 የሃይስኩል ተማሪዎች ስፖርት ይሠራሉ፣ ከነዚህ ትራንስጀንደር የሆኑት 4 ናቸው፣ በሴቶች ቡድን ውስጥ ያለችው 1 ናት። ምክር ቤቱ በዚያው ሳምንት ድምፅ ሰጥቶ ሕጉን አጸደቀው። በኮሌጆችም የስፖርት ማኅበራቸው የኤንሲኤኤ ፕሬዚዳንት በታኅሣሥ 2024 ለሴኔቱ ሲናገሩ ከ510,000 ስፖርተኞች መካከል የሚያውቋቸው ትራንስጀንደሮች ከ10 እንደማይበልጡ ነው ያስረዱት። አገር የሚያናውጠው ጩኸትና የልጆቹ ቁጥር አይመጣጠንም።

ይህ ማለት ግን የሚጎዳ የለም ማለት አይደለም። በ2019 ኮኔቲከት ውስጥ በተደረገው የ55 ሜትር የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ሁለት ትራንስጀንደር ሯጮች አንደኛና ሁለተኛ ሲወጡ በማጣሪያው ስምንተኛ የሆነችው ልጅ ፍጻሜው ለጥቂት አመለጣት። ለዚያች ልጅ «ጥቂቶች እኮ ናቸው» ማለት መልስ አይሆንም፤ እሷም አንድ ናት፣ የሃይስኩል ሩጫዋም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፈው። ይህን አሠራር ፍርድ ቤት ከከሰሱት የኮኔቲከት ሯጮች አንዷ ደግሞ ክሱ በቀረበ ሰሞን፣ በየካቲት 2020፣ በዚያው ርቀት ያቺኑ አንደኛ ወጥታ የነበረችውን ትራንስጀንደር ሯጭ ቀድማ ገብታለች። ሁለቱንም ነገር አብረሽ መያዝ መቻል አለብሽ።

5. የልጅን ገላ በዓይንሽ አትመርምሪ፤ ሌላ ሰውም እንዲመረምር አትፍቀጂ። ከምነግርሽ ሁሉ ይህን አጥብቄ ነው የምነግርሽ።

እዚያው ዩታ፣ በ2022 ይፋ የሆነ አንድ ነገር አለ። አንዲት ልጅ በስቴት ደረጃ በተደረገ የሴቶች ውድድር ሌሎቹን በሰፊው በለጠች። ተከትለዋት የገቡት ልጆች ወላጆች ስለ ጾታዋ ተጠራጥረው ለትምህርት ቤቶቹ የስፖርት ማኅበር አቤት አሉ። ማኅበሩ ትምህርት ቤቷን ጠየቀ። ትምህርት ቤቱ መዝገቧን እያገላበጠ ወደ ኋላ ሄደ፤ መካከለኛ ደረጃ፣ አንደኛ ደረጃ፣ እስከ መዋዕለ ሕፃናት ድረስ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሴት ናት። ልጅቷም ወላጆቿም ይህ ሁሉ ሲደረግ አልተነገራቸውም። ጥፋቷ ማሸነፏ ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው ስቴት የትምህርት ቦርድ አባል የሆኑ ሴት የአንዲት ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አውጥተው ሴትነቷን ጥያቄ ውስጥ ጣሉት። ልጅቷ ሴት ነበረች። ለደኅንነቷ ተብሎ ጥበቃ እስኪመደብላት ድረስ ስድብና ዛቻ ወረደባት፤ የቦርድ አባሏም በስቴቱ ምክር ቤት ተወቀሱ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1966 ቡዳፔስት ላይ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ሴት አትሌቶች በሐኪሞች ፊት ራቁታቸውን እንዲታዩ ተደርገዋል። በ1985 ኮቤ ጃፓን በተደረገው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር የስፔኗ መሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ በክሮሞዞም ምርመራ ከውድድር ታገደች። ሰውነቷ ቴስቶስትሮንን የማይቀበል ነበርና ምርመራው ካገኘባት የዋይ ክሮሞዞም ያገኘችው አንዳች ጥቅም አልነበረም። ስሟ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ያስመዘገበችው ሰዓት ተሰረዘ፣ የነፃ ትምህርት ዕድሏን አጣች፣ እጮኛዋም ተለያት። የመወዳደር መብቷ የተመለሰላት በ1988 ነው። ሴቶችን ለመጠበቅ ተብሎ የተጀመረ ምርመራ በመጀመሪያ ያዋረደው ሴቶችን ነው።

አሁን ወደኛ ልጆች ልምጣ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የአገር አቋራጭ ውድድር ላይ የሐበሻ ልጆችን ከፊት ከፊት ታያቸዋለሽ። ሩጫ ያቀጠናቸው፣ ደረታቸው ገና ያላጎጠጎጠ፣ እግራቸው ጅማት ብቻ የሆነ። ጥርጣሬ አንዴ ሜዳ ከገባ መጀመሪያ የሚያርፈው ለየት ብላ በምትታይ ልጅ ላይ ነው። ዛሬ በሌላዋ ላይ ጣታቸውን የሚቀስሩ ወላጆች ነገ የራሳቸው ልጅ ላይ ሲቀሰርባቸው ምን እንደሚሉ አላውቅም። ወላጅ መጥቶ «ያቺ ሴት ናት?» ቢልሽ መልስሽ ይህ ብቻ ይሁን፤ «የተማሪዎችን ብቁነት የሚያየው የአትሌቲክስ ዳይሬክተሩ ነው፤ እኔ ስለ ማንም ልጅ አካል አልናገርም።» ስልኩን አውጥቶ አንዲትን ልጅ ለይቶ የሚቀርጽ ካየሽ ሄደሽ በልጅቷና በካሜራው መካከል ቁሚ። ዳኛውን ጥሪ። ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ።

6. የምትሠሪበትን ስቴት ደንብ አንብቢ። አይዳሆ በመጋቢት 2020 የመጀመሪያውን ክልከላ ካወጣች ወዲህ ከ25 በላይ ስቴቶች ተከትለዋታል። በየካቲት 5 ቀን 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ትራንስጀንደር ልጆችን በሴቶች ቡድን የሚያሰልፉ ትምህርት ቤቶች የፌዴራል ገንዘብ እንዲያጡ የሚያደርግ ትዕዛዝ ፈረሙ። የቨርጂኒያ ሃይስኩል ሊግ በዚያው ወር ደንቡን ከትዕዛዙ ጋር አስማማ። ሜሪላንድ ግን ክልከላ ካላወጡት ስቴቶች አንዷ ናት። ልብ በዪ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተሽ ፖቶማክን ብትሻገሪና አሌክሳንድሪያ ብትደርሺ፣ ያችው ልጅ በወንዙ አንድ ዳር ሯጭ፣ በሌላው ዳር ተመልካች ትሆናለች። ቤት ኪራይ ሲወደድባቸው ወዲያና ወዲህ የሚሻገሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸውና ይህ በጽሑፍ ብቻ ያለ ነገር አይደለም።

የአይዳሆንና የዌስት ቨርጂኒያን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 13 ቀን 2026 አከራክሯል። ዳኞቹ የተጠየቁት ስቴቶች እንዲህ ያለ ክልከላ ማውጣት ይችላሉ ወይ የሚለውን ነው፤ ክልከላ ያላወጣ ስቴት ምን ያድርግ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። በሬዲዮ የሰማሽውን ይዘሽ ማንንም ልጅ ከቡድን አታስወጪ፣ አታስገቢም።

7. ትልልቅ ሰዎች ሲያስቡበት መንገድ እንደሚገኝ እመኚ። በግንቦት 2025 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ክሎቪስ ላይ፣ የስቴት ሻምፒዮና ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት የስቴቱ የትምህርት ቤቶች ስፖርት ፌዴሬሽን አዲስ አሠራር አወጣ። በውድድሩ የምትሳተፍ አንዲት ትራንስጀንደር ዘላይ ነበረች፤ እሷ ትወዳደር፤ በእሷ መግባት ምክንያት ለጥቂት ያመለጣት ልጅ ካለች ግን እሷም ትጨመር። በሜዳሊያ አሰጣጥም እንዲሁ፤ ማንም ልጅ በእሷ ምክንያት ከደረጃዋ ዝቅ አትልም። ዘላይዋም በከፍታ ዝላይ አንደኛነቱን ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ተጋራች፤ ሦስቱም የሽልማቱ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ከአጥሩ ውጭ ሰልፈኛ ይጮህ ነበር፤ ከላይ አውሮፕላን የተቃውሞ ጽሑፍ እየጎተተ ይዞር ነበር። ልጆቹ ግን ዘለሉ።

ሁለቱም ወገን በዚህ አሠራር አልተደሰተም። ከዋይት ሐውስም ዛቻ መጣ፤ በሐምሌ የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ስቴቱን ከሰሰ። እኔ ግን እስካሁን ካየሁት ሁሉ ይህን እመርጣለሁ፤ ያመለጠውን ቦታ ላመለጣት ልጅ መልሶላታልና። በሁሉም ስፖርት ላይ ይሠራል አልልሽም። በዝላይ አንድ ተወዳዳሪ መጨመር ቀላል ነው፤ ተራዋ ሲደርስ ትዘላለች። አጭር ርቀት ሩጫ ላይ መስመሮቹ ስምንት ወይም ዘጠኝ ናቸው፤ ሌላ መስመር ከየትም አይመጣም፤ ሁለት ማጣሪያ አድርገሽ በሰዓት ማወዳደር ይኖርብሻል። መረብ ኳስ ላይ ደግሞ የስድስተኛዋን ልጅ ቦታ ማካፈል አይቻልም፣ የምትመታው ኳስ ፍጥነትም የደኅንነት ጉዳይ ያመጣል። ለዚህ ነው ለየስፖርቱና ለየዕድሜው የተለየ ደንብ ያስፈልጋል የምለው። የስቴትሽ የትምህርት ቤቶች ስፖርት ማኅበር አስተያየት ሲጠይቅ ጻፊላቸው፤ ሜዳ ላይ የሚውል ሰው ካልጻፈ ቢሮ የሚውለው ብቻውን ይወስናል።

8. ቤታችን የሚወራውን ይዘሽ ሜዳ አትውረጂ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም፣ ልቅሶ ቤትም፣ ዕድር ላይም ስለዚህ ነገር ሲነሣ ምን እንደሚባል አንቺም እኔም እናውቃለን። «ጎረምሳ ሜዳሊያ ሊለቅም ቀሚስ ለበሰ» ይላሉ። ለአንዲት ሜዳሊያ ብሎ በየጂሙ ያን ያህል ስድብ የሚሸከም ልጅ እኔ አላጋጠመኝም። ሃይማኖትሽን ተዪ አልልሽም፤ እኔም አልተውኩም። ነገር ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት ደመወዝ ተቀብለሽ የሰው ልጅ ከተሰጠሽ ሁሉም ልጆችሽ ናቸው።

ደግሞም ያቺ ልጅ ከእኛው ቤት ልትሆን ትችላለች። የእኛ ወላጆች ሜዳ ዳር ቆመው «እዚህ ማንም አይሰማንም» እያሉ በአማርኛ የሚናገሩትን ነገር ሰምቼ ደንግጬ አውቃለሁ። እዚያ የሚያሟሙቁት ልጆች መካከል ግማሹ አማርኛ ይሰማል። የእኛ ልጅ ከሆነች ደግሞ በትምህርት ቤት የሚሏትን በእንግሊዝኛ፣ የእኛ ሰዎች የሚሏትን በአማርኛ ትሰማለች፤ ማረፊያ የላትም። አንቺ አማርኛ የምትችዪ አሰልጣኝ ነሽና ይህን ማስቆም የምትችዪ ሰው አንቺ ነሽ። ቀረብ ብለሽ በአክብሮት «እትዬ፣ እባክዎ፣ ልጆቹ ይሰማሉ» በያቸው። ያፍራሉ፣ ይተዋሉም።

9. ቦታ ያጣችውን ልጅ አፏን አታስይዢያት። ከተሸነፈች በኋላ እያለቀሰች «ልክ አይደለም» ብትልሽ «እንዲህ አይባልም» ብለሽ አትመልሻት። ስለ ደንቡ ልክ አይደለም ማለት መብቷ ነው። አስቀምጫት፣ ውኃ አጠጫት፣ እስክትጨርስ ስሚያት። ከዚያ ደንቡን ማን እንዳወጣው ንገሪያትና ለማኅበሩ መጻፍ ከፈለገች አግዣት። ሰዓቷን በማስታወሻሽ ያዢላት፤ ከባለፈው ካሻሻለች አሳያት። ጋዜጠኛ ከመጣ ግን ወላጆቿ ሳይኖሩ እንዳትናገር አድርጊ፤ በ16 ዓመቷ የተናገረችው ነገር ዕድሜ ልኳን ስሟ በተፈለገ ቁጥር ይወጣል። ስለ ደንቡ የምትለውን ስሚ፤ ስለ ልጅቷ ስድብ ከጀመረች ግን እዚያው ላይ አስቁሚያት።

10. ትራንስጀንደሯ ልጅ ቡድንሽ ውስጥ ካለች፣ ነገሩን አስቀድመሽ አሰናጂ። በቡድኑ ዝርዝር ላይ ባለው ስሟ ጥሪያት። የተማሪ መዝገብ ምስጢርነት በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነውና ስለ እሷ ለሌሎች ወላጆች፣ ለኔም ቢሆን፣ አንድ ቃል አታውጪ። የልብስ መቀየሪያውን ነገር ከውድድሩ ዘመን በፊት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ጨርሺ፤ ለብቻዬ ልቀይር የምትል ማንኛዋም ልጅ የምትገባበት ክፍል ይኑር። ስንትና ስንት የእኛ ልጆች በእፍረት ምክንያት ሽንት ቤት ገብተው ነው የሚለብሱት፤ ለእነሱም ይጠቅማቸዋል። ለሆቴል አዳርም እንዲሁ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር አውቶቡስ ውስጥ አይወሰንም።

ደንቡ የማያሰልፋት ከሆነ ደግሞ መነሻ መስመሩ ላይ ከዳኛ እንዳትሰማው። ቀደም ብለሽ፣ ወላጅ ባለበት፣ በር ዘግተሽ አንቺው ንገሪያት። ሰበብ አትደርድሪላት። ደንቡ የሚፈቅደው ከሆነ ከቡድኑ ጋር ልምምድ ትሥራ፤ ከወንዶቹ ጋር ወይም በጎዳና ሩጫ መወዳደር ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት፣ አትወስኚላት። በሳምንቱ ደውለሽ እንዴት እንደሆነች ጠይቂ።

11. ይህን ሁሉ ችግሩ ሳይመጣ በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ ተናገሪ። የማንንም ስም ሳታነሺ ሦስት ነገር በያቸው። ደንቡን የሚያወጣው ማኅበሩ ነው፤ ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ለአትሌቲክስ ዳይሬክተሩ ያቀርባል፤ ሜዳ ዳር ስለ ልጆች አካል የሚናገር ሰው ውጣ ይባላል። ዳይሬክተሩን የዘንድሮውን መመሪያ አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ያልገባሽን በኢሜይል ጠይቂ፣ መልሱንም አስቀምጪ። ለእኛ ወላጆች አንድ ገጽ በአማርኛ አዘጋጂላቸው፤ እንግሊዝኛው ላይ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሳይገባቸው የሚፈርሙ ብዙዎች ናቸው። ረቂቁን ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።